የግራፊክስ ካርድ ብቻውን አይሸጥም

ንግድ የሚቆመው በእምነት ነው፤ እምነትም የሚጸናው ገዢው ከፍሎ ወደ አገሩ የወሰደው ዕቃ ለታሰበለት ሥራ ሲውል ነው። ይህ እውነት ለጤፍና ለጨው ንግድ እንደሚሠራ ሁሉ ለኮምፒውተር ዕቃ ንግድም ይሠራል። ይሁን እንጂ በዚህ በኋለኛው ንግድ ሻጭና ገዢ ሁለቱም ሳያጠፉ የሚጣሉበት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የግራፊክስ ካርድ ነው።

ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባሉት ከተሞች የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለ ፎቶ ቤት፣ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ዐቅም ሲያጥረው በአሮጌው ላይ ካርድ ጨምሮ ሥራውን ለማፋጠን ቢያስብ አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዐባይን ተሻግሮ ወይም በሚያምነው ሾፌር እጅ ገንዘብ ልኮ ካርዱን ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ ይሰካዋልም። ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም፤ ወይም ይነሣና ቅንብሩ ሲጀመር ድርግም ይላል። ገዢው «የተበላሸ ዕቃ ተሸጠልኝ» ሲል ሻጩ «ዕቃው ደኅና ነው፤ አሰካኩን አላወቁበትም» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ግን ካርዱም ደኅና ነው፤ ሰኪውም አላጠፋም። የጠፋው ነገር ካርዱና ኮምፒውተሩ መስማማታቸውን ከሽያጩ በፊት የጠየቀ ሰው ነው።

የሞጣ ነጋዴ ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የዐባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለ ፈረሰ፣ ግራና ቀኙ ጸንቶ ቆሞ ሳለ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። አሮጌ ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ካልበቃ የሌሎቹ ጥንካሬ አያሻግርም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ኃይል ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ መሠረት ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ ራሱ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ሲሆን፣ አንዳንድ ጠባብ ኮምፒውተሮች ከዚያም ያነሰ ይፈቅዳሉ። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በተለየ ገመድ ይመገባል፤ ባለ 6 እግሩ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ብንመለከት፣ የጠባቡ ዐይነት ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ለካርድ የሚሆን የተለየ ገመድ የለውም፤ ሣጥኑም የሚቀበለው ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ነው። እንግዲህ 107 ዋት የሚፈልገውን ራዴዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር መሸጥ ለበቅሎ የግመል ጭነት መጫን ነው።

ሁለተኛው ሥራው ነው። 30 ዋት ብቻ የሚበላው ጂፎርስ ጂቲ 1030 ለጠባብ ኮምፒውተር ይስማማል፤ ይሁን እንጂ የተቀናበረን ቪዲዮ ጨምቆ የሚያወጣ የተለየ ክፍል በውስጡ የለም። ባለ ፎቶ ቤቱ ካርዱን የገዛው ለዚሁ ፍጥነት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በደኅና ተነሥቶም ገንዘቡ ባክኗል። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይህ ክፍል አለው፤ ፍጆታው ግን 75 ዋት ስለ ሆነ ማስገቢያውና ፓወር ሰፕላዩ መቻላቸው አስቀድሞ ይታያል። በዚህ ላይ ጂቲ 1030 በአንድ ስም ሁለት ዐይነት ሆኖ ለገበያ ቀርቧል፤ ዲዲአር 4 የተባለው ማስታወሻ ያለበት፣ ጂዲዲአር 5 ካለበት ጋር ሲነጻጸር መረጃ የሚያመላልሰው በሲሶ ያህል ፍጥነት ነው። በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አንብቦ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም።

ሦስተኛው ሞኒተሩ ነው። አሮጌ ሞኒተር ቪጂኤ በሚባለው ኬብል ይሠራል፤ ከጂፎርስ 10 ተከታታይ ወዲህ የወጡት ካርዶች ግን ለዚያ ኬብል የሚሆን ምልክት አያወጡም። የእግሩን ቅርፅ ብቻ የሚለውጥ ርካሽ ማገናኛ አይበቃም፤ ምልክቱን ራሱን የሚለውጥ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ዕቃ ተረስቶ ስንት ካርድ «ሞቷል» ተብሎ እንደ ተመለሰ የሚያውቁት ሻጮቹ ናቸው።

ካርዱ ተሰክቶ እንቢ ሲልም ምርመራው ቅደም ተከተል አለው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። አስቀድሞ የሞኒተሩ ኬብል በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በካርዱ ላይ መሰካቱ ይታይ። ቀጥሎ መብራቱ ተነቅሎ ማስገቢያው ከአቧራ ይጽዳ፤ ካርዱም መያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ በደንብ ይግባ፤ የኃይል ገመድ የሚፈልግ ከሆነ መሰካቱ ይረጋገጥ። ከዚያም ካርዱ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ብቻውን እንዲነሣ ይሞከር። በመጨረሻ ካርዱ ኃይሉ በሚበቃ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይፈተን፤ ክርክሩን የሚቆርጠው ይህ ፈተና ነው። በዚያ ከሠራ ካርዱ ነጻ ነው፤ ምርመራው ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ወደ ባዮሱና ወደ ድራይቨሩ ይዞራል። ድራይቨሩንም ሻጩ በፍላሽ ጭኖ ቢልከው ብልህነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደ ታየው፣ «ከኢንተርኔት አውርዱት» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም።

አንዳንድ ሻጮች «ገዢው የጠየቀውን መስጠት እንጂ ቤቱ ያለውን ኮምፒውተር መመርመር የሱቅ ሥራ አይደለም፤ ጥያቄ ያበዛ ሻጭ ገዢውን ለጎረቤት ሱቅ ይሰጣል» ይላሉ። አባባሉ በመርካቶ ለሚኖር ገዢ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል፤ እርሱ ያልሆነለትን ዕቃ በማግስቱ ይዞ ይመለሳል። የቢቸናው ገዢ ግን ለመመለስ የመንገድ ወጪና የሥራ ቀን ይከፍላል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ጨርሶ አይመለስም። የሠርጉ ቪዲዮ በቀኑ ሳይደርስ ሲቀር የሚወቀሰውም እርሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከዚህ መብት ጋር ሲመዘን ከባድ ሸክም አይደለም።

ስለዚህ በካርድ ደረሰኝ ላይ አራት ነገሮች እንዲጻፉ ልማድ ይሁን፦ የኮምፒውተሩ ስምና ሞዴል፣ የፓወር ሰፕላዩ ዋት፣ የሞኒተሩ ኬብል ዐይነት፣ ካርዱ የሚፈለግበት ሥራ። ገዢው እነዚህን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለመላክ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ካርዱም ከመላኩ በፊት በሱቁ ውስጥ በገዢው ወይም በወኪሉ ፊት ተሰክቶ ይታይ። ይህ ሲደረግ ሻጩ ከሐሰት ክስ፣ ገዢው ከኪሳራ ይድናሉ።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ዋጋ የገባ ካርድ በሞጣ መደርደሪያ ላይ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የባከነው የአንድ ፎቶ ቤት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአገር የውጭ ምንዛሪ ነው። ካርድ የሚያዝ አስመጪ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚስማማውን ዝቅተኛ ዋት ያለውን ካርድ ይምረጥ፤ ፓወር ሰፕላዩንና የቪጂኤ መቀየሪያውንም አብሮ ያስመጣ። ከእነዚህም ትርፍ አለው፤ ከትርፉ የሚበልጠው ግን የገጠር ከተማ ደንበኛ በሁለተኛው ጊዜም ወደ እርሱ መላኩ ነው።