ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ለምትስቁ

ማኪያቶ እየጠጣችሁ «ዳቦ ሳይኖር ምን አውሮፕላን!» እያላችሁ በልጆቹ ለምትስቁ፦

በ1928 ደሴያችን በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብም ዳቦ አልተረፈንም ነበር። በዚያው ዓመት ግን አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ» ተሠርታ በረረች። ጣሊያን ወሰዳት፤ የተመለሰችው በ2016 ነው። ቅንጦት ብትሆን ጠላት ምን አስዘረፈው?

«እነሱ ማን ናቸውና?» ለምትሉም፦ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን ልሥራ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ቡምን ያቋቋመው ብሌክ ሾል የሶፍትዌር ሰው ነበር። የሙከራ አውሮፕላኑ ከድምፅ የፈጠነው በ2025 ነው፤ መንገደኛ የሚጭነው ገና ነው። ገንዘብ የሰጡት አሥር ዓመት ታገሡት። እኛ ለልጆቻችን አሥር ደቂቃ አንታገሥም!

ተማሪዎቼ፣ ፊዚክሳችሁን ያዙ። የሚስቀውን ተዉት፤ ማኪያቶው ይቀዝቅዝበት።