ለጠላው ያደረግነውን ለውሀው ለምን ነፈግነው?



ስለ ውሀ ጥቅም በዚህ መጽሔት ላይ ቢጻፍ አዲስ ነገር አይሆንም። ውሀ ሕይወት መሆኑን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል፤ በፈተናም ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። እኔ ግን ልናገር የፈለግሁት በፈተና ስላልተጠየቅነው ነገር ነው፤ ይኸውም ንጹሕ ሆኖ ከቧንቧ የወረደው ውሀ በገዛ ቤታችን ውስጥ እንዴት እንደሚቆሽሽ ነው።

ይህን አስተያየት ያጻፈኝ በቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ባለፈው ክረምት የአራት ዓመቱን ታናሽ ወንድሜን ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። በሁለት ቀን ውስጥ ዐይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስም እንባ አይወጣውም ነበር። እናቴ አዝላው፣ እኔም ተከትያት ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጣ በማንኪያ እያጠጣችው፣ «የምትጠጡት ምን ዓይነት ውሀ ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴም «የቧንቧ ነው» ብላ በኩራት መለሰች። ነርሷ ግን «የቧንቧ መሆኑስ ይሁን፤ ያስቀመጣችሁበትን ዕቃ መቼ ነው ያጠባችሁት?» አለች። እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ወደ መሬት ተመለከትሁ። የቤታችን ውሀ ቀጂ እኔ ነኝና።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል። በዚያው ማታ ግን በስልክ መብራት ቢጫውን ጀሪካን ወደ ውስጥ ባየሁት ጊዜ ግድግዳው አረንጓዴ ልጋግ ለብሶ አገኘሁት። አፉ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም፤ ስለዚህ ዘወትር ስናጥበው የኖርነው ውጭውን ብቻ ነበር።

የአዲስ አበባ ውሀ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። የግድቡ ውሀ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ከተማው ይላካል። ነገር ግን እንደ እኛ ባለው ሰፈር ውሀ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ፣ በጀሪካንና በበርሜል ለቀናት ማጠራቀም ግድ ነው። ክሎሪኑ ደግሞ በቆየ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ፣ እጁን ያልታጠበ ልጅም ኩባያ የነከረበት ውሀ የቧንቧ ውሀ የሚባለው በስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ አርእስቴ ልመለስ። አያቴ ጠላ ሲጠምቁ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግመው ያጥቡታል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ይህ ሳይሆን መጠንሰስ የለም። ጠላ የምንጠጣው በዓመት በዓል ነው፤ ውሀ የምንጠጣው ግን በየቀኑ ነው። ታዲያ ለበዓሉ መጠጥ ይህን ያህል የምንጨነቅ ሰዎች፣ ለዕለቱ መጠጥ ጀሪካኑን ለቅለቅ አድርገን መሙላታችን ስለ ምንድን ነው? ሙያ ጎድሎን አይደለም። ጠላ ቢበላሽ እንግዳ ያማናል፤ ውሀ ሲበላሽ ግን የሚናገር የለም። «ውሀ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ለወንዝ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ጥራቱን በዐይንና በጣዕም እናውቃለን የሚል ቢኖር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የሆነውን ያስታውስ። ብሮድ ስትሪት በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዶክተር ጆን ስኖው ሟቾቹን ቤት ለቤት መርምሮ ምክንያቱ የአንድ ፓምፕ ውሀ መሆኑን አሳየ። ከሟቾቹም አንዲቱ ሴት በሩቅ ሰፈር የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የዚያን ፓምፕ ውሀ ጣዕሙን ወደውት ያስመጡ ነበር።

አንዳንዶች «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2010 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ንጹሕ የመጠጥ ውሀ ማግኘት ሰብአዊ መብት መሆኑን ተቀብሏል። መብታችንን እንጠይቅ። ነገር ግን የመንግሥት ቧንቧ የሚያበቃው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ከዚያ እስከ ኩባያው ያለው መንገድ የእኛ ነው። አያቴ ደግሞ «እኛ የምንጭ ውሀ ጠጥተን አላደግንም ወይ?» ይሉኛል። አዎን፣ እሳቸው አድገዋል። ነገር ግን ከወለዷቸው ስምንት ልጆች ያሳደጉት አምስቱን መሆኑን የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየሳምንቱ ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ውሀ፣ ሳሙናና ንጹሕ ጠጠር ጨምረን፣ ቅቤ እንደሚናጥ አድርገን እንናጠው፤ ልጋጉ ይለቃል። ከዚያም ደጋግመን እናለቅልቀው። ውሀውን የምናፈላ ከሆነ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ እንደ አዲስ አበባ ባለ አገር ውሀ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከሰል ተወደደ፣ መብራትም ጠፋ ቢባል፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የውሀ ማከሚያ በላዩ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። የደፈረሰ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይጥለል፤ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል። ከበርሜልም በእጅና በኩባያ ሳይሆን እጀታው ረዥም በሆነ ጭልፋ እንቅዳ።

ከሁሉ በላይ ይህ ሥራ ባለቤት ይኑረው። እናቶቻችን የተሸከሙት ይበቃቸዋል፤ እኅቶቻችንም ብቻቸውን አይደክሙበት። እኛ ወንዶች ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ከመውረዳችን በፊት ጀሪካኑን አጥበን፣ የታጠበበትን ቀን በላዩ እንጻፍበት። በትሕትና የማቀርበው አንድ ልመናም አለኝ፤ የትምህርት ቤታችን የውሀ ታንከር መቼ እንደ ታጠበ እኛ ተማሪዎች አናውቅምና፣ ቀኑ በላዩ ቢጻፍልን ደስ ይለናል። ለማጠቡም ሥራ እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

የእኛ ጀሪካን ባለፈው ቅዳሜ ታጥቧል። የእናንተስ?