ብልጭታውም እንደ አገሩ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ የየካን ዳገት ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሁሉ ትንፋሹ ያጥረዋል። ይህም የሚሆነው ሰውየው ሰንፎ ሳይሆን አየሩ ሳስቶ ነው። ሯጮቻችን ይህን ስለሚያውቁ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ሲሠለጥኑ ሰውነታቸውን ከከፍታው ጋር ያስማማሉ። ታዲያ ከዚሁ ተራራ በታች፣ ከቦሌ ሜዳ የሚነሣው ባለ ፒስተን አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ልክ እንዲሠራ የሚፈረድበት ለምንድን ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው።

«እናንተ የሥነ ሰብ ተማሪዎች ከሞተር ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። ነገሩ የብሎንና የመፍቻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ዳሩ ግን አንድ ዕቃ ለየትኛው አገር ታስቦ እንደ ተሠራ መጠየቅ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የተማረ ሰው ፋንታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ይታመቃሉ፤ ከዚያም ካንዴላው ብልጭ ይላል። እሳቱ ግን ባንድ ቅጽበት አይዳረስም፤ ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። በብዙዎቹ ትንንሽ አይሮፕላኖች ይህ ቅድሚያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ ይታሰራል። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር 25 ዲግሪ ማለት አንድ ሰከንድ ለሺሕ ተከፍሎ ሁለት እጅ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። ብልጭታውን የሚያመነጨው ማግኔቶ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ከሞተሩ ጋር እየዞረ የራሱን ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ባትሪ አይለምንም። ለዚህ ጠባዩ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የታሰረለትን ዲግሪ አይለውጥም፤ በቆላም በተራራም ያው ነው።

የታሰረበት ልክ የተመረጠው አየሩ ወፍራም በሆነበት በዝቅተኛ ስፍራ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እንዳይጎዳ ታስቦ ነው። በዚያ ስፍራ ብልጭታው ከመጠን በላይ ቢቀድም ቅልቅሉ በሥርዓት መንደዱን ትቶ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተንም ይበሳል። እመቃው ከፍ ያለ ሞተር፣ ለምሳሌ አሥር እጁን ወደ አንድ እጅ የሚያምቀው፣ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እኛ ያለንበት ግን ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በባሕር ዳርቻ አራት እጅ የነበረው የአየር ግፊት እዚህ ሦስት እጅ ብቻ ነው። በእንጦጦ ጫፍ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የሳሳ ቅልቅል ቀስ ብሎ ስለሚነድ በ25 ዲግሪ የተሰጠው ብልጭታ ለእኛ የዘገየ ይሆናል። ቤንዚኑ ያልቃል፣ ከጉልበቱም ከፊሉ ሙቀት ብቻ ሆኖ በጭስ መውጫው ይሄዳል።

የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአየሩን ግፊትና የሞተሩን ፍጥነት እየለካ፣ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታውን 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያስቀድማል። የጎደለውን አየር አይተካም፤ ያለውን ግን አያባክንም። መኪኖች ፑንቲናን ትተው ወደ ኤሌክትሮኒክ ከተሻገሩ አርባ ዓመት አልፏል።

የከፍታው ጣጣ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት የአየር መንገዳችን ሲ-47 አይሮፕላኖች በእያንዳንዱ ባለ 14 ሲሊንደር ሞተራቸው ላይ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነበራቸው። ከዚያም በፊት በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ»፣ በኢጣልያ ለብዙ ዘመን ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገርዋ የተመለሰችው፣ አካልዋ እዚህ ቢገጠምም ሞተርዋ ከውጭ የመጣ ቫልተር ቬኑስ ነበረ። ስለ ፀሐይ መመለስ ደስ ብሎናል። ደስታችን ግን «ሞተሩንስ መቼ እናውቀዋለን?» ወደሚል ጥያቄ ካልመራን የሙዚየም ደስታ ሆኖ ይቀራል።

አንዳንዶች «ዛሬ የምንበረው በጄት ነው፤ ፒስተን ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። የጄቱ ካፒቴን ግን በረራን የሚማረው በትንሽ አይሮፕላን ነው፤ የአየር መንገዳችን ትምህርት ቤት ሲያሠለጥንበት የኖረው ሴስና 172 ባለ ፒስተን ነው። ሌሎች «ኤሌክትሮኒክ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ይሞታል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ማቀጣጠያው ሁለት ስለ ሆነ አንዱን ማግኔቶ አስቀርቶ ሌላውን መለወጥ ይቻላል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሦስተኛው ነገር ነው። አይሮፕላን በእኛ አገር ባንድ ጧት ከቦሌ ተነሥቶ ከ600 ሜትር በታች ወዳለው ወደ ጋምቤላ ሙቀት ይወርዳል። ለእንጦጦ መድኃኒት የሆነው ቅድሚያ እዚያ በሙሉ ጉልበት ሲነሡ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ እመቃው ከፍ ባለ ሞተር ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ በሌላ አገር የተሰናዳውን የዲግሪ ሠንጠረዥ ገዝቶ በእምነት መግጠም የድሮውን ስሕተት በአዲስ ሣጥን መግዛት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በእንጦጦ ጫፍ ከዋክብትን የምናይበት ኦብዘርቫቶሪ አቁመናል፤ ሞተር የምንፈትሽበት ስፍራ ማቆም አያቅተንም። የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪዎችና የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ሰዎች አንድ ሞተር በመኪና ላይ ጭነው መጀመሪያ በእንጦጦ፣ ቀጥሎ በቦሌ፣ በመጨረሻም በአፋር ቆላ ይፈትሹት። በየስፍራው ብልጭታው በስንት ዲግሪ ሲሰጥ ጉልበቱ እንደሚበዛ፣ በስንትስ ማንኳኳት እንደሚጀምር መዝግበው ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ለሞተሩ ሠሪዎች ያቅርቡ። ማንም ያለ ፈቃድ ይግጠም አላልንም፤ ፈቃዱ በእኛው ቁጥር ይደገፍ ነው ያልነው። እኛም የቋንቋ ተማሪዎች እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና እያለ ሥራውን በአማርኛ ለሚያስብ መካኒክ ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

አባቶቻችን እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ብለዋል። ተራራውን ዝቅ ማድረግ አንችልም፤ ብልጭታውን ማስቀደም ግን እንችላለን። የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን የእኛ ልኬት ነውና፣ የምሕንድስና ጓደኞቻችን ሆይ፣ መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።