ዘንድሮ ለዕረፍት ከማን ቤት እንደር?



ባለፈው ስብሰባችን ለሐምሌ ዕረፍት በፈረንሳይ ተራራ አንድ ቤት እንድንከራይ አሳብ ቀርቦ ነበር። ቤቱ ሃያ ሰው ያስተኛል፤ ባለቤቱ በሩቅ ከተማ ሆኖ በወኪል ያከራየዋል፤ ቁልፉም ከበሩ አጠገብ ከተሰቀለ ሣጥን በቁጥር ይወጣል። ኪራዩ ለሃያ ሲካፈል ርካሽ ነውና ብዙዎች እጃቸውን አወጡ። እኔ አላወጣሁም። በዚያን ቀን ምክንያቴን ለማስረዳት ጊዜ ስላልበቃኝ እዚህ እንዳቀርበው ይፈቀድልኝ።

በመጀመሪያ ልማዱ ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት፤ ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት እንዲያርፍ በሕግ ተፈቀደለት። ዕረፍቱ ተገኘ እንጂ ለሆቴል የሚከፈል ገንዘብ ብዙው ሠራተኛ አልነበረውም። በሌላ ወገን የተራራው ወጣት ወደ ከተማ እየወረደ የአባቱ ቤት ባዶውን ይፈርስ ነበር። እነዚህን ሁለት ችግሮች ካገናኙት ሰዎች ዋናው ሴናተር ኤሚል ኦቤር ናቸው። በዚያን ጊዜ ባስ ዛልፕ ይባል በነበረው አውራጃ፣ ላ ዣቪ አጠገብ ባለችው ሾዶል፣ የመጀመሪያው የገጠር «ዢት» በ1951 ተከፈተ፤ ቃሉ ማደሪያ ማለት ነው። በ1955 ደግሞ አገር አቀፍ ማኅበሩ ተቋቋመ። ውሉ ቀላል ነበር፤ ባላገሩ ባዶ ቤቱን ያድሳል፣ የከተማው ቤተሰብ በመጠነኛ ኪራይ ያርፍበታል፣ ኪራዩም ባላገሩን ከአገሩ ሳይነቀል ያቆየዋል።

ይህ ውል ዛሬም በብዙ ስፍራ ይሠራል። ባለፈው ዓመት በመስከረም ኬራስ በሚባለው የአልፕስ አገር አንድ ሳምንት አሳልፌአለሁ። እዚያ ያለው ሳን ቬራን 2,040 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራ መንደር ነው። የጥንቱ ቤት ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት ነው፤ በክረምት ሰውና ከብት ከታች አብረው ይኖሩ ነበር፤ ከላይ ድርቆሽና እህል ይከመር ነበር። እሳት ቢነሣ ሁሉም እንዳይቃጠል መንደሩ በየሠፈሩ ተከፍሎ፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ይህን ያስረዱኝ ያከራዩኝ ወይዘሮ ናቸው። በቁጥር የሚከፈት ሣጥን ግን ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

እኔ ያረፍሁባት ትንሽ መንደር ከዚያ ብዙ አትርቅም። ማታ ወጥቼ ስቆጥር መብራት የሚታየው ከአራት ቤት ብቻ ነበር፤ የቀሩት ታድሰው፣ ቀለም ተቀብተው፣ መስኮታቸው ተዘግቷል። ወይዘሮዋ እንደ ነገሩኝ በነሐሴ ለእንግዳው ዳቦ አይበቃም፤ በኅዳር ግን ዳቦ የሚገዛ ይጠፋል። ፈረንሳዮች ይህን «ቀዝቃዛ አልጋ» ይሉታል፤ ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል ሰው የማይተኛበት አልጋ ማለት ነው። ከሩቅ የሚገዛው ሰው የቤቱን ዋጋ ሲያስወድደው አስተማሪው፣ እረኛውና አይብ ሠሪው ክረምቱን የሚከርሙበት ቤት ያጣሉ። እነርሱ ከሄዱ ልጆቻቸው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ከሄዱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ነገሩ ከባድ ስለሆነ በኅዳር 2024 በወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች የአጭር ጊዜ ኪራይን የሚገድቡበት ሥልጣን ተሰፋላቸው።

አንዳንድ ጓደኞች «እኛ እንግዶች ነን፤ የፈረንሳይ ባላገር ጉዳይ ምን አገባን?» ይሉኛል። የሚያገባን ከፋዮች ስለሆንን ነው። ቤቱ ለነዋሪ ይሁን ወይስ ለቁልፍ ሣጥን የሚለውን የሚወስነው ኪራይ ከፋዩ ጭምር ነው። የሃያ ተማሪ ገንዘብ ምን ያህል ነው የሚል ቢኖር፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ያስታውስ።

ሁለተኛው መቃወሚያ የኪስ ጉዳይ ነው፤ ይህን አላቃልለውም። ከመካከላችን ለባቡር የሚከፍለውን ከምሳው የሚቀንስ አለ። ነገር ግን ለእግር ተጓዦች የተዘጋጀው «ዢት ዴታፕ» የሚባለው የጋራ ማደሪያ አለ። ተኝተን የምናድረው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን ነው፤ በብዙዎቹም ወጥ ቤት ስላለ ራሳችን ማብሰል እንችላለን። ከነሐሴው ግርግር በኋላ ብንሄድ ደግሞ ቦታ በቀላሉ ይገኛል።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ባለቤቱ እዚያው የሚኖርበትን ማደሪያ እንምረጥ፤ ሃያ ሰው የሚይዝ ባይገኝ በሁለት ቤት እንከፈል። ሁለተኛ፣ ለሁለት ሌሊት ሳይሆን ለአንድ ሳምንት፣ ትምህርት ሳይከፈት በመስከረም መጀመሪያ እንሂድ። ሦስተኛ፣ ምግባችንን ከከተማ ጭነን አንሂድ፤ ዳቦውንና አይቡን ከዚያው እንግዛ። አራተኛ፣ እንደ እንግዳ ሥርዓት እንያዝ። በ1992 ተኩላ ወደ ፈረንሳይ አልፕስ መመለሱ ስለ ታወቀ፣ እረኞች በመንጋው መካከል ትልልቅ ነጫጭ ውሾች ያሰማራሉ፤ በጎች ሲያጋጥሙን ራቅ ብለን እንዙር እንጂ ለፎቶግራፍ ብለን በመካከላቸው አንግባ።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ስብሰባ ነው። አሳቤን የሚቃወም ቢኖር በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ ካሳመነኝ እጄን አወጣለሁ። እስከዚያው ግን እጅ ከማውጣታችን በፊት የምንከፍለው ኪራይ የማንን መብራት እንደሚያበራ እንጠይቅ።