ፈረስ የጣለውን ማን ያንሳው?



ባጃጅ በየከተማው ከበዛ በኋላም ጋሪ ከመንገዳችን አልጠፋም። በሀላባ ቁሊቶም ሆነ በሻሸመኔ በፈረስ ጉልበት የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ብዙ ቤተሰብ አለ። በባሌ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ሰው ገበያና ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ ነው። ፈረስ ባለበት ሁሉ ርግጫ፣ መውደቅና የጋሪ መገልበጥ ይኖራል። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ስለ አደጋው ሳይሆን ከአደጋው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ሰው አካሉ የሚጎድለው ፈረሱ ስለመታው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ስለሚቸኩልና ስለምናስቸኩለውም ነው።

ችኮላው ጎልቶ የሚታየው መድኃኒት ቤት ነው። እጁ ያበጠ ጋሪ ነጂ ይመጣና «እህቴ፣ ነገ ሥራ መውጣት አለብኝ፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጪኝ» ይላል። ማስታገሻ ሕመሙን ያደበዝዛል እንጂ የተሰበረ አጥንት አይገጥምም። እንዲያውም ሕመሙ ሲጠፋለት በተሰበረው እጁ ልጓም ይይዝና ጉዳቱን ያብሰዋል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲደጋገሙ ጨጓራን ያደማሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ጨጓራ ላለበት ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ለጉበት አደገኛ ነው።

ከማስታገሻ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሆዱን የተረገጠ ሰው ላዩ ላይ ቁስል ባይኖርም ጣፊያው ወይም ጉበቱ ተሰንጥቆ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። ፊቱ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ካዞረው ወይም ሆዱ ከጠነከረ ለነገ አይባልም። ጭንቅላቱን የተመታም ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ።

ቁስል ካለ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ)። ጀርሙ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ይገባል፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ክትባቱን ያገኛሉ፤ አባቶች ግን ብዙዎቹ ይህ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አመድም ሆነ ቡና አትነስንሱበት፤ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። ወጌሻዎቻችን በሕዝባችን ዘንድ የተከበሩ ናቸው፤ እኔም አላጣጥላቸውም። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እንደመቀነስ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ አልታጠፍ ካሉ ማሰሪያው ያን ጊዜውኑ ይፈታ፤ ታማሚውም በፍጥነት ሆስፒታል ይሂድ። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። «እስከ ሦስት ቀን ቻለው» እየተባለ በመጠበቅ ሊድን የሚችል ስብራት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። የልጅ ጣት ሲጠቁር እያዩ ዝም ማለት ሰብር አይደለም።

አጥንቱ በትክክል ከታሰረ በኋላ የሚቀረው መድኃኒት ጊዜ ነው። የአዋቂ ሰው የክንድ አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የቅልጥም አጥንት 3 ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተትና የጠዋት ፀሐይ ይጠቅማሉ። ሲጋራ አጥንት እንዳይገጥም ያዘገያል፤ ጫት ምግብና እንቅልፍ ይከለክላል። ረመዷን ከገባም ሕመምተኛ ኋላ ቀዷ ሊያወጣ የተፈቀደለት መሆኑን አትርሱ።

«ወንድ ልጅ እንዴት ይተኛል?» የሚል ካለ፣ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪ የዘገቡትን ያስታውስ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከፈረስ ወድቀው ጎናቸው ተጎድቶ ነበር። ሶሐቦች ሊጠይቋቸው በገቡ ጊዜ ያሰገዷቸው ቁጭ ብለው ነው። ሶላትን ያህል ነገር ለተጎዳ አካል ከተገራ፣ ጋሪ መንዳት እንዴት አይቆይም?

ይሁን እንጂ ለድሃ ሰው «ዕረፍ» ማለት ቀላል፣ ማረፍ ግን ከባድ ነው። ጋሪ ነጂው ካላደረ ልጆቹም ፈረሱም ጾማቸውን ያድራሉ። የሚቸኩለው ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን ስለተቸገረ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው። ሕመምተኛ ስንጠይቅ ዱዓችንን ከአንድ ጣሳ ምስር ጋር እናድርገው። የሰፈሩ ጋሪ ነጂዎች ጋሪውን ተራ በተራ ነድተው ገቢውን ለቤቱ ያስገቡለት። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከጁሙዓ ሰደቃው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ለአንድ ቤት አስቤዛ ይመድቡ። ብዙዎቹ ኩሩዎች ናቸውና አይጠይቁም፤ ሳይጠየቁ መስጠት የጀመዓው ፋንታ ነው።

እግሩን ያጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይሻል። የሦስት ወር አስቤዛ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን!