መጀመሪያ አፈሩን ያዙት!

ወገኔ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ገበሬ «ማዳበሪያ» ብሎ አደባባይ መውጣቱን አልረሳህም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ግን እስኪ ከጎንደር ተነስተህ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈህ ደባርቅ ድረስ ተዳፋቱን እያየህ ሂድ። የገብሱ ማሳ እርከን ከሌለው፣ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የገባው ዩሪያ በሐምሌ ጎርፍ ከነአፈሩ ተጠርጎ ተከዜ ይገባል። ለሱዳን ነው እንዴ የምናዳብረው?

«ኮምፖስት ይበቃል» የሚሉም አሉ። አፈሩን ያለመልማል፣ እውነት ነው። ደጋው ላይ ግን እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። ለእናቶቻችን ሌላ ማገዶ ሳይኖር ኮምፖስት አዘጋጁ ማለት ቀልድ ነው። ያ ስንት የሰደብነው ባሕር ዛፍ እንኳ፣ ከእርሻው ርቆ ለማይታረስ ገደላ ገደል ቢተከል እበቱን ለማሳው ያተርፍልን ነበር።

እኔን ከጠየቅኸኝ እርከን ይቅደም። በጥር በዘመቻ ተሠርቶ በግንቦት ከብት የሚንደው ዓይነት ግን አይደለም! ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ደግሞ የሚያስቆመው የቢሮ ደብዳቤ ሳይሆን የየጎጡ ሰው ተማክሮ፣ ሣሩን አጭዶ ለመብላት ሲስማማ ነው። ማዳበሪያውም ያኔ ለተያዘ አፈር ይደርሳል።

ለጥር አገር ቤት ከሆንክ አካፋህን ይዘህ ውጣ።