የኢፍጣሩ ዝርዝር አንድ ይሁን

ባለፈው ረመዳን የኢፍጣር ተረኞች ዝርዝር በቴሌግራም አራት ጊዜ ተላከልን፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የታረመ»፣ ከዚያም ስም የሌለው። እህቶች አንዱን፣ ወንድሞች ሌላውን ይዘው አንድ ቀን ሁለት ቡድን መጣ። በማግስቱ ማንም አልመጣም፤ የመግሪብ አዛን ሲል ተምር እንኳ አልተገዛም ነበር።

ዘንድሮ ዝርዝሩ በጉግል ዶክስ ይሠራ እንላለን። አጀማመሩ ቀላል ነው። ጂሜይል ያለው አንድ ሰው ሰነዱን ከፍቶ ሊንኩን ይልካል፤ የተፈቀደልን በየስልካችን እዚያው ላይ እንጽፋለን፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ያየዋል። ኔትወርክ ሲጠፋስ? (መጥፋቱ አይቀርም።) ሰነዱ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አስቀድመን ካዘጋጀነው ያረምነው ስልካችን ላይ ይቆያል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይገባል። አንዱ በስህተት ቢያጠፋም የቀድሞውን ቅጂ መመለስ ይቻላል።

እኛን የሚያሳስበን ፈቃዱ ነው። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ማረም ከቻለ ተራው ያልተመቸው ስሙን ዝም ብሎ ያዛውራል። ከየዶርሙ አንድ ሰው ይረም፣ ሌሎቻችን እናንብብ።

የሶደቃ ተቀባዮች ስም ግን ፈጽሞ እዚያ አይግባ። የተቸገረ ወንድማችን ስሙ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ እንዳለ ካወቀ ከእርዳታው ረሃቡን ይመርጣል። ያንን ዝርዝር ኃላፊዎቹ እንደ ድሮው በደብተር ይያዙት፤ አማና ነውና ለእኛም አያሳዩን።